አንድ ማመልከቻ ለሁሉ ደጅ አይሆንም

የምረቃ ጊዜ በቀረበ ቁጥር በተማሪው ዘንድ አንድ የታወቀ ልማድ ይታያል። ይኸውም ማመልከቻ አንድ ጊዜ ይጻፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ተወስዶ በብዙ ቅጂ ይባዛል፤ በራስጌው ላይ «ለ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የተተወው ባዶ ቦታ ብቻ በእስክሪብቶ ይሞላል። ሚኒስቴር ቢሆን፣ ባንክ ቢሆን፣ ፋብሪካ ቢሆን፣ የእህል ነጋዴ ቢሆን የሚደርሰው ቃል ያው ነው፤ «በተመረቅሁበት የትምህርት መስክ ተመድቤ ለማገልገል እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» የሚል ነው። ከወር በኋላ መልስ ሲጠፋ «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» ተብሎ ይደመደማል።

ዘመድ የሌለው ሰው በሥራ ፍለጋ እንደሚጎዳ እኛም አንክድም፤ ወደ በኋላም እንመለስበታለን። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ። ያ ማመልከቻ የደረሰው ቀጣሪ ለመሆኑ ምን እንደሚፈልግ አስቀድመን ጠይቀን ነበርን? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው። ቀጣሪዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እያንዳንዱ ለሥራ ፈላጊው የሚያቀርበው የተለየ ጥያቄ አለው፤ አንድ መልስ ለሁሉ የሚያድል ሰው ለማንኛቸውም አልመለሰም። ይህንንም ማወቅ የጥቂት ብልጦች ገንዘብ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ማኅበራችንና መምህራኖቻችን ለሁሉ ሊያካፍሉት የሚገባ ዕውቀት ነው።

«ተመድቤ» የሚለው ቃል በማመልከቻችን ላይ እንዴት ሊኖር ቻለ? ታሪኩ ረጅም አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየተላከ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት ያገለግል ነበር። የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ሰውን ይፈልግ ነበር ለማለት ይቻላል። በደርግም ዘመን ተመራቂው በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ይህ ምደባ ቀረ። በዚያን ጊዜ በዛሬው የአገራችን ወሰን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የአዲስ አበባና የዓለማያ ሁለቱ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ሆኗል። እንግዲህ ምደባው ከቀረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ቃሉ በማመልከቻችን፣ አሳቡም በልባችን ተቀምጧል ማለት ነው። የሚመድበን እንዳለ አድርገን እንጽፋለን፤ የሚመድብ ግን የለም።

ከምሥራቅ ጎጃም ለመጣን ልጆች ነገሩ ከቃል ያለፈ ነው። የጥኖራን እንመልከት። በቀድሞው የብቸና አውራጃ በደጀን በኩል ያለችው ይህች የገበሬ አገር በደርግ ዘመን በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበሯ በአርኣያነት ትጠራ ነበር። በእንዲህ ያለው ማኅበር መሬቱ በጋራ ይታረሳል፤ የሠራው ሰው ድካም በነጥብ ይመዘገባል፤ ምርቱም በነጥቡ ልክ ይከፋፈላል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በታወጀ ጊዜ እነዚህ ማኅበራት በየስፍራው ፈረሱ፤ ገበሬውም መሬቱን ተከፋፍሎ ለየራሱ ማረስ ጀመረ። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ድልድል አልተደረገም። ስለዚህ ከ1989 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ የየጥኖራ፣ የብቸና ወይም የሞጣ ልጅ ከወላጁ ካልተካፈለ በቀር የእኔ የሚለው ማሳ የለውም። ስድስት ጥማድ መሬት ለአምስት ልጆች ቢከፈል ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደርሰው ለማወቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ወላጆቻችን ጤፋቸውን ሸጠው ያስተማሩን መሬቱ እንደማይበቃ ስላወቁ ነው። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ለእኛ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ኋላ የምንመለስበት ማሳ የለንምና በወጉ ልንማረው ይገባናል።

ለመሆኑ ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ ነውን? አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ሥርዓት እናስታውስ። ቅኔ የሚሻ ተማሪ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ይሄዳል፤ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም ይሻገራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ ይወጣል። የትኛው መምህር በምን እንደ ታወቀ፣ ደቀ መዝሙርን በምን እንደሚመዝን ሳይጠይቅ አኩፋዳውን አንግቦ የሚነሣ ተማሪ የለም። ያ የቆሎ ተማሪ የሚያውቀውን ብልሃት ባለዲግሪው ቢያጣው የሚያሳፍር ነው። እንግዲህ የቀጣሪዎቹን ደጆች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ደጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄ «ማስረጃህ ለሥራ መደቡ ከተጠየቀው ጋር ይገጥማልን?» የሚል ነው። ማመልከቻችንን የሚቀበለው መዝጋቢ ችሎታችንን የመመዘን ሥልጣን የለውም፤ በእጁ ያለው ዝርዝር ነው። የትምህርት ዓይነት፣ ደረጃ፣ የሥራ ልምድ ዓመት፣ ይህን አይቶ ይመዘግባል ወይም ይመልሳል። ስለዚህ በዚህ ደጅ የማመልከቻ ቃል ማሳመር ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው የሥራ መደቡን መጠሪያና መለያ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ እንዳለ አድርጎ መገልበጥ፣ ዋናውንና ቅጂውን አሟልቶ መያዝ፣ በማስረጃዎች ሁሉ ላይ ስማችን በአንድ ፊደል መጻፉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። በአንዱ ወረቀት «ኃይለ»፣ በሌላው «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈ ስም ሰውን ከመስኮት ይመልሳል። የወጪ መጋራት ግዴታውን ያልጨረሰ ተመራቂም በጊዜያዊው ማስረጃ እንደሚቆይ አስቦ ቀጣሪው በዚያ ይመዘግብ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። ማስታወቂያው የሚወጣበትን ቦታ ማወቅም የትግሉ እኩሌታ ነው። የፌዴራሉ በአዲስ ዘመን፣ የክልሉ በበኩር ጋዜጣ ይወጣል፤ የወረዳው ግን ብዙ ጊዜ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ አያልፍም። አዲስ አበባ ተቀምጦ የእነማይን ወይም የሁለት እጁ እነሴን ሰሌዳ ማንበብ ስለማይቻል በየወረዳው አንድ የሚያነብልን ወንድም ወይም እኅት ያስፈልገናል። እኅቶቻችንና አካል ጉዳተኞች ወንድሞቻችን ደግሞ ውጤቱ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ ቅድሚያ እንዲያገኙ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የቆየ መብት እንዳላቸው አውቀው በምዝገባው ወቅት ሳያፍሩ ይጠይቁት።

ሁለተኛው ደጅ የባንኮችና የታላላቅ ኩባንያዎች ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የግል ባንክ ከተፈቀደ በኋላ አዋሽ ባንክ ቀዳሚ ሆኖ ተቋቋመ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው። የባንክ ጥያቄ «ከዚህ ሁሉ ሺህ አመልካች መካከል አንተን በምን እንለይህ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመዘግበውም ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው፤ የምረቃ ዓመትና የውጤት ወሰን ያላለፈ ፎርም ማንም ሳያነበው ይቀራል። ከዚያ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የማሰላሰል ፈተና ይከተላል። ለዚህ የሚሆነው ዝግጅት ማመልከቻ ማባዛት ሳይሆን እንደ መውጫው ፈተና በቡድን ማጥናት ነው። በቃል ጥያቄው ጊዜ ግን የገጠር ልጅ የሚያፍርበት ነገር ራሱ ሀብቱ ነው። ብቸናና ሞጣ ቅርንጫፍ የሚከፍት ባንክ ገበሬው ጤፉን በየትኛው ወር እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡን መቼ ይዞ መቼ እንደሚያወጣ፣ ነጋዴው ስለ ምን በባንክ ፈንታ በእጁ ማስቀመጥ እንደሚመርጥ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ይህን ከእኛ የተሻለ ማን ይነግረዋል? አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ገንዘብና ንብረት የሚያስረክብ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፤ ፈተናውን አልፎ በዋስ ማጣት የሚቀር ሰው እንዳይኖር ከቤተ ሰብ ጋር በጊዜው መመካከር ይገባል።

ሦስተኛው ደጅ ፋብሪካ ነው። የፋብሪካ ጥያቄ አጭር ነው፤ «ምን ልትሠራ ትችላለህ?» ይላል። በደጀን ወረዳ የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የቡሬው የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ፣ የደብረ ብርሃንና የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ለምሕንድስና፣ ለኬሚስትሪና ለሒሳብ አያያዝ ተመራቂዎች ቅርብ የሆኑ ደጆች ናቸው። ለእነዚህ በማመልከቻው የመጀመሪያ መሥመር ላይ የሚጻፈው የውጤት ነጥብ አይደለም፤ በተግባር ልምምድ ጊዜ የትኛውን መሣሪያ እንደ ያዝን፣ የትኛውን ብልሽት አብረን እንደ ጠገንን፣ በሌሊት ፈረቃ ለመሥራት ዝግጁ መሆናችን ነው። ፋብሪካ ግን በውጭ ገበያ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ነፋስ ያገኘዋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል በዘጋች ጊዜ በሐዋሳ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ብዙ እኅቶቻችን ሥራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ፋብሪካ ሲጠይቀን እኛም ለማን እንደሚሸጥ ልንጠይቀው ይገባናል። ሕጉንም እንወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሙከራውም ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ሳይሆን ቀርቶ ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን የሚያውቅ ጀማሪ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እየተባለ ዓመት አይገፋም።

አራተኛው ደጅ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ «ይህ ፕሮጀክት በሚያልቅበት ቀን ምን ሠርተህ ታሳየናለህ?» ይላሉ። ማስታወቂያቸውም ማመልከቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚሹትም ስንት ቤት ዞሮ መረጃ እንደ ሰበሰበ፣ ስንት ገበሬ ወይም ስንት እናት እንዳሠለጠነ በቁጥር የሚናገር ሰው ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ ያገለገልን ሰዎች ይህን ሥራችንን እንደ ተራ ነገር ቆጥረን በማመልከቻችን ላይ ሳንጽፈው እንቀራለን። ደመወዛቸው ከመንግሥት ይልቅ ደህና ነው ይባላል፤ እድሜያቸው ግን ከገንዘብ ሰጪው እድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው በአገራችን እንዲቋረጥ መደረጉ ተነግሯል። ወደዚህ ደጅ አትሂዱ አንልም። የሚሄድ ግን የውሉን ማብቂያ ቀን አይቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሙያ እንደሚይዝ አስቦ ይግባ።

አምስተኛው ደጅ ሁላችን የምንዘለው ነው፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ፣ የግል ክሊኒኩ፣ የእህል ነጋዴው፣ ወፍጮ ቤቱና የግል ትምህርት ቤቱ ነው። የጥኖራው የአምራቾች ማኅበር በትእዛዝ የቆመ ስለ ነበረ ትእዛዙ ሲነሣ ፈረሰ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ግን ማኅበርን በአባላቱ ፈቃድ ላይ አቆመው። ዛሬ እንደ ጎዛምን ያሉት የገበሬዎች ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላሉ፤ የገበሬውን ምርት ይገዛሉ። ለዚህም የሒሳብ ሠራተኛ፣ የንብረት ጠባቂ፣ የእርሻ ባለሙያና የሕግ አዋቂ ያስፈልጋቸዋል። የዚህ ደጅ ጥያቄ «ልመንህን?» የሚል ነው። የሞጣ እህል ነጋዴ የሥራ ማስታወቂያ በጋዜጣ አያወጣም፤ ባለማኅተም ማመልከቻ ቢደርሰውም ኪሱ ከትቶት ይረሳዋል። በገበያ ቀን ሄዶ «ጋሼ፣ የመጋዘንዎን ገቢና ወጪ መዝገብ ለአንድ ወር ልያዝልዎ፤ ከጠቀመዎት ያን ጊዜ እንነጋገራለን» የሚል ሰው ግን ይሰማዋል። ብዙዎቻችን ይህን ከዲግሪያችን በታች አድርገን እናያለን። ዳሩ ግን ለነጋዴ አንድ ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው ባንኩ የሚጠይቀውን የሥራ ልምድ ይዞ ይመለሳል፤ ቤቱ የተቀመጠው ግን ዜሮ ዓመቱን ይዞ ሁለተኛውን ዓመት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዘመድ ነገር እንመለስ። «ይህ ሁሉ ምክር የዋህነት ነው፤ ቦታው ማስታወቂያው ሳይወጣ ተይዟል» የሚሉን ጓደኞች አሉ። በአንዳንድ ስፍራ እንደሚሉት መሆኑን እናውቃለን፤ አድልዎን በስሙ መጥራትና መቃወምም የተማሪ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በፈተና የሚለይ ብዙ ቦታ አለ፤ «ሁሉ ተይዟል» ብሎ ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ያንን ቦታ ለባለዘመዱ ያለ ውድድር ያስረክበዋል። ደግሞም አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ አቤት ለማለት የሚችለው መስፈርቱን አሟልቶ፣ በጊዜው ተመዝግቦ፣ ፈተናውን የተፈተነ ሰው ነው። በተባዛ ማመልከቻ የቀረበ ሰው ለአቤቱታው የሚይዘው ነገር የለም።

ሌሎች ደግሞ «እንደየቀጣሪው መለዋወጥ አድርባይነት አይደለምን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ የሚለዋወጠው ስለ ራሳችን እውነት ከሆነው ነገር መካከል አስቀድመን የምንናገረው ነው፤ እውነቱ ራሱ አይለወጥም። ለባንክ የፈተና ውጤቱን፣ ለፋብሪካ የእጁን ሥራ፣ ለዩኒየን ታማኝነቱን የሚያስቀድም ሰው አልዋሸም። ያልሠራበትን የሥራ ልምድ ወረቀት ከደላላ የሚገዛ ግን ዋሽቷል። ይህም ወረቀት በማጣራት ጊዜ ተገኝቶ ሰውን ከሥራው ሲያስወጣ፣ በሕግም ሲያስጠይቅ አይተናል፤ እንጀራን በሐሰት ወረቀት ላይ መመሥረት ቤትን በአሸዋ ላይ እንደ መሥራት ነው። እንዲሁም ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሥራ እንደሌለው እንወቅ።

ከሥራ ፈላጊው በላይ የሆነ እንቅፋት መኖሩን ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። ብዙ ማስታወቂያ «በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ መመዝገብ» ይላል። ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ብቸናና ሞጣ ከዚያም ያልፋሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ስንቱ ማስታወቂያውን ሳያይ፣ ስንቱስ አይቶ ሳይደርስበት እንደ ቀረ መገመት ይቻላል። ለሴት ልጅ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለአንድ ፊርማ ብቻ ያንን መንገድ መሄድ ከባድ ሸክም ነው። በወኪል፣ በፖስታ ወይም በዞን ከተማ መመዝገብ ቢፈቀድ መሥሪያ ቤቶቹ የሚያጡት ነገር የለም፤ የተሻለ ሠራተኛ የመምረጥ ዕድል ግን ያገኛሉ። ቀጣሪዎች ሥራ ፈላጊው ወደ እነርሱ እንዲስማማ እንደሚጠይቁ ሁሉ እነርሱም የሥራ ፈላጊውን ሁኔታ ሊያዩ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳችን እንደ ቀጣሪዎቹ ዓይነት በአምስት ይከፈል። ባለፈው ዓመት የተመረቁት ወንድሞችና እኅቶች በየትኛው ደጅ ምን እንደ ተጠየቁ በዚህ ጋዜጣ ላይ እንዲጽፉልን ይጋበዙ። ከየወረዳው የመጣን ተማሪዎች የየወረዳችንን ሰሌዳ እያነበበ የሚልክልን ሰው እንሰይም፤ አዲስ አበባ ያለውም ለሌላው ወኪል ሆኖ እንዲመዘገብ ማኅበሩ ለመሥሪያ ቤቶቹ ደብዳቤ ይጻፍ።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በመጨረሻው ዓመት ከሚሰጡን የቤት ሥራዎች አንዱ በእውነተኛ ማስታወቂያ ላይ የተመሠረተ ማመልከቻ ይሁንልን፤ እንደ ሌላው የቤት ሥራም ይታረምልን። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉልንም «ጠባየ መልካም፣ ታታሪ ተማሪ» የሚለውን ለሁላችን አንድ የሆነ ቃል ትተው እያንዳንዳችን ምን እንደ ሠራን ይጻፉልን። አንድ ማመልከቻ ለሁሉ ደጅ እንደማይሆን አንድ የድጋፍ ደብዳቤም ለሁሉ ተማሪ አይሆንም።

ደጅ መጥናት በአገራችን የቆየ ነገር ነው፤ በጌታ በር ላይ ወራት መቀመጥ እንደ ማዕረግ የተቆጠረበት ዘመን ነበር። እኛ ግን የምንለምነው ጸጋ የለም፤ የምንሸጠው ጉልበትና ዕውቀት አለን። ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ በር አይጠብቅም፤ የቤቱን ጉድለት አስቀድሞ ጠይቆ «ይህን ልሠራላችሁ እችላለሁ» ብሎ ይገባል። ጥያቄውን ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው፤ በሩን በእኩልነት መክፈት ደግሞ የቀጣሪው ድርሻ ነው። የመጀመሪያውን ከዛሬ ጀምረን እንሥራ፤ ሁለተኛውን በማኅበራችን በኩል ሳንታክት እንጠይቅ።